ማርከሻ የሌለው ክኒን

የሰበታ ሰው ኮሶ ሲታየው የሚመጣው እኔ ውብአየሁ ዘንድ ነው። ጉራ አይደለም፤ ያልጠጣ ካለ ወዲህ ይበል! በ፲፱፻፷፭ ዓ.ም. ዶክተር ጌታቸው ቻይና ደርሶ ሲመለስ ቤቴ ድረስ መጣ።

«እትዬ ውብአየሁ፣ ቻይናዎች የአያቶቻቸውን ሥራሥር በመሣሪያ እየመረመሩ ክኒን ያደርጉታል። እኛ ከማን እናንሳለን?»

ልጄ ስንዱ በእሱ ላቦራቶሪ ብልቃጥ ታጥባለች፤ እሷም ለመነችኝ። እሺ አልኩ። ቅጠሉን አሳየሁ፣ አወቃቀጡን አሳየሁ። ማርከሻውን ግን ደበቅሁ። መድኃኒቴ ትሉን ካስወጣ በኋላ ቀትር ሳይደርስ ካልረከሰ ዓይን ያጠፋል። ማርከሻውን በአጥሚት ደባልቄ ስለምሰጥ ጠጪው ምሳ ይመስለዋል፤ ስንዱም ብትሆን አታውቅም። ያስተማረችኝ አክስቴ፣ «ማርከሻሽን የሰጠሽ ቀን ባዶ እጅሽን ቀረሽ» ትል ነበር።

«የቀረ ነገር አለ?» አለ ዶክተሩ።

«ማርያምን፣ ምንም የለም!» ብዬ ስንዱ ፊት በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። ሲቸግረው ደጄን ይጠናል ብዬ በሆዴ ሳቅሁበት።

በሦስተኛው ወር አንድ ረፋድ ላይ የላቦራቶሪው ዘበኛ ኦቦ ጎበና በደጄ ሲያልፍ ቆመ።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ እትዬ? እንኳን ደስ አለዎት! ክኒኑ ደረሰ። የእርስዎን አምስት ዋንጫ በአንድ ፍሬ ጨመቁት አሉ። ስንዱ ጠዋት ዋጠችው።»

«ማን ዋጪ አላት?!»

«ማንም። ሌላው ሲፈራ 'የእማዬ መድኃኒት ነው፣ ምን ይሆናል' ብላ ቀደመች።»

የአንዱ ዋንጫ እስከ ቀትር ይታገሣል፤ የአምስቱስ? ማርከሻውን በጠርሙስ ይዤ በረርኩ። አስፋልቱ ላይ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ልጆች በዱላቸው መሬቱን እየነካኩ ይሻገራሉ። ሁልጊዜ ሰላም እላቸው ነበር፤ ያን ዕለት ግን ፊቴን አዞርኩ።

ስንዱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ፀሐይ ፊቷ ላይ ወድቋል፣ እሷ ግን አትጨፍንም። ዶክተሩ የፈረምኩበትን ወረቀት ደጋግሞ ያገላብጣል፤ ላብ አጥምቆታል።

«ስንድዬ፣ ቶሎ ጠጪ!» ብዬ ጠርሙሱን ዘረጋሁ።

እጇ ጠርሙሱን አልፎ ሄደ።

«ምንድን ነው እማዬ?»

«ማርከሻው ነው ልጄ። ማርከሻ ነበረው...»

ድምፄ ወደመጣበት ዞራ፣

«በማርያም ምለሽ ነበር እኮ» አለችኝ።