አርባ ላፕቶፖች፣ አንድ ሪባን

፩.

«እንዳትነኪው!»

የግምጃ ቤቷ ኃላፊ እትዬ ብዙወርቅ የጮኹት ደጊቱ ካርቶኑን ገና በዓይኗ ስትነካው ነው።

አርባ ካርቶን ላፕቶፕ ግድግዳውን ታኮ እስከ መስኮቱ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም ተለጥፎበታል። ከላይ ያለው «ደጊቱ አላምረው፤ ኮምፒውተር ሳይንስ፤ ሁለተኛ ዓመት» ይላል።

«የኔ እኮ ነው እትዬ።»

«ያንቺማ ያንቺ ነው፤ ማን ካደሽ? ግን ገና አልተመረቀም።»

«እኔስ መቼ ተመረቅሁ?»

«አፈኛ! የክብር እንግዳው ሪባን ሳይቆርጡ ይህን ካርቶን የሚቀድ እጅ የኔ አይሆንም። ጡረታዬ ደጃፍ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ሂጂ አሁን፣ እናቴ።»


፪. ትውውቅ

አንባቢ ሆይ፣ ሳንተዋወቅ አንናደድ።

ደጊቱ፦ እናቷ ገበያ ላይ ጌሾ ሸጠው ያሳደጓት፣ ከወረዳዋ አንደኛ ወጥታ ዩኒቨርሲቲ የገባች ልጅ ናት። ኮምፒውተር ሳይንስን የመረጠችው ኮምፒውተር ነክታ ስለማታውቅ ነው። ነክተው የሚያውቁት ጓደኞቿ ሕክምና መረጡ።

ፕሮጀክቱ፦ «ብሩህ ነገ» ይባላል። አቅም ያነሳቸውን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ተማሪዎች ይደግፋል። እስካሁን ቢሮ፣ ፒካፕ መኪና፣ ሰደርያ፣ ኮፍያ፣ እንዲሁም ሐይቅ ዳር የተካሄደ «የድጋፍ አስፈላጊነት» ዎርክሾፕ ደግፏል። ተማሪ በሰልፉ ውስጥ አለ፤ ወደ ኋላ ነው።

አቶ ምስክር፦ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ። ሰደርያቸውን ለብሰው ሠርግ የሚሄዱ። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እኔም ይህን ጽፌ በጊዜ እተኛ ነበር።


፫. የምረቃ ቀን

ኅዳር ተባለ። የክብር እንግዳው አልተመቻቸውም።


፬. የምረቃ ቀን

ታኅሣሥ ተባለ። ድንኳን ተተከለ። ድንኳን ተነቀለ።


፭. የምረቃ ቀን

ተራዘመ።


፮.

መማር ግን አልተራዘመም። የሴሚስተሩ ማብቂያ ፕሮጀክት መጣ፦ የገበያ ዋጋ የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፉ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ለስልሳ ምናምን ተማሪ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች አራት ናቸው፤ እነሱም ክርናቸው ለጠነከረ።

ደጊቱ ፕሮግራሟን በእስክሪብቶ ጻፈችው። ስምንት ገጽ። በጭንቅላቷ ደጋግማ አስኬደችው፤ ስህተቱን ለቀመች፤ ሰረዘች፤ ገለበጠች። ከዚያ ከጊቢው በር ውጭ ወዳለው ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳ ለዳኜ ሰጠችው። ዳኜ ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የሙት ዓመት መታሰቢያና የሠርግ ጥሪ በመጻፍ ጊቢውን ሁሉ የሚያስተዳድር ልጅ ነው።

አንድ ነገር ላስረዳ። ደጊቱ በጻፈችበት የኮምፒውተር ቋንቋ አንዳንዱ መስመር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይጻፋል። ገባ ያለው መስመር ከላዩ ላለው ይታዘዛል። ሁሉም እኩል ከወጣ ሁሉም አለቃ ይሆንና ሥራው ይቆማል። ይህን ለመረዳት ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም፤ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ መውጣት ይበቃል።

«እህቴ፣ ጨርሼ ለመምህርሽ በኢሜይል ልኬልሻለሁ» አላት ዳኜ በማግስቱ፣ የታተመውን እየሰጣት። «የጻፍሽው ተዝረክርኮ ነበር፤ አንዱ ገባ፣ አንዱ ወጣ። እኔ ሁሉንም መሃል መሃል አድርጌ አሳመርኩልሽ።»

ዳር ዳሩን የጽጌረዳ ሐረግ አዙሮበታል።

«ለአበባው አላስከፍልሽም» አላት።


፯. የንግግር ግልባጭ፦ ቢ ብሎክ፣ ክፍል አራት

መምህር ናሆም፦ ይሄ ምንድን ነው?

ደጊቱ፦ ፕሮግራም።

መምህር ናሆም፦ እኔ የሠርግ ጥሪ መስሎኝ ኮቴን ላስተኩስ ነበር።

(ክፍሉ ሳቀ። ደጊቱም ሳቀች፤ ሁሉ ሲስቅ ብቻን ማልቀስ ስለሚከብድ።)

ደጊቱ፦ መምህር፣ በእጄ የጻፍኩትን ይዩልኝ። እሱ ትክክል ነው።

መምህር ናሆም፦ ወረቀት ማሽን ላይ አይሠራም። ቀኑም አልፏል። ደግሞስ ላፕቶፕ ተሰጥቷችሁ የለም እንዴ? በዜና አየሁ እኮ!

ደጊቱ፦


፰.

(ይህ ቁጥር ለክብር እንግዳው የተያዘ ነው። እባክዎ አይቀመጡበት።)


፱.

ውጤት ተለጠፈ።

ኤፍ።

ሒሳብ ላይ ያመጣችው ኤ ሊያነሳት ሞከረ፤ አልቻለም። ከስሟ አጠገብ አንድ ቃል ተጽፏል።

ዲስሚሳል።

በዚያው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በዚያው ሙጫ፣ ሌላ ወረቀት፦ «የላፕቶፕ ርክክብና የምረቃ ሥነ ሥርዓት ነገ ጠዋት ይካሄዳል። ተጠቃሚዎችን ወክላ ንግግር የምታደርገው ተማሪ ደጊቱ አላምረው ናት።»


፲.

ስልክ ደወለች።

«አቶ ምስክር፣ እኔ ተባርሬያለሁ።»

«ማን ነው ያባረረሽ?»

«ውጤት።»

«ለማን ነገርሽ?»

«ለእርስዎ።»

«ጎሽ። ስሚኝ እህቴ። ፎቶሽ ባነሩ ላይ ነው፤ ባነሩ ታትሟል። ነገ ንግግርሽን እንደተጻፈው አንብቢ። እኔ ከዲኑ ጋር ነው ምሳ የምበላው፤ ጉዳይሽን አነሳለሁ፤ መልሰው ይቀበሉሻል። በቃሌ ያዢኝ። ግን አደራ፣ ለጋሾቹም ይመጣሉ። ባነሩ ላይ ያለችው ልጅ ተባረረች ከተባለ ገንዘቡ ይቆማል፤ ለከርሞዎቹ ልጆች ላፕቶፕ የለም። የራስሽን ብቻ አትዪ።»

«ንግግሩ ስለ ምንድን ነው?»

«ላፕቶፑ ሕይወትሽን እንዴት እንደለወጠው።»

ደጊቱ አሰበች። መለወጡንስ ለውጦታል።


፲፩.

«አንብቢዋ! ምን ይቆርጥሻል?» አለቻት የዶርም ጓደኛዋ ሂክማ፣ አልጋ ላይ ተቀምጣ ቆሎ እየቆረጠመች። «አንብቢና ተመለሺ። ዲግሪሽን ስትይዢ ያኔ እውነቱን ትናገሪያለሽ።»

«ዲግሪ ስይዝ ሰደርያ ይሰጡኛላ።»

ሂክማ ሳቀች፤ ከዚያ ቆሎውን አስቀመጠች። «ሰሌዳውን አይተሽዋል? ከአርባችሁ አሥራ አንዳችሁ ናችሁ የተባረራችሁት። ሌሎቹን ምሳ ላይ የሚያነሳላቸው አለ?»

ደጊቱ የተጻፈላትን ንግግር አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።

«እናትሽስ?»

«ስልክ አላነሳሁላትም።»


፲፪. የምረቃ ቀን

ተመረቀ!¹

የተባረሩት ዶርም እንዲለቁ በጠዋት ተነግሯቸዋል። በአዳራሹ ባዶ ወንበር እንዳይታይ ከታሪክ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ተጠርተው የፕሮጀክቱ ኮፍያ ተደረገላቸው። አጨበጨቡ። የታሪክ ተማሪዎች መቼ እንደሚጨበጨብ ያውቃሉ።

ደጊቱ ንግግሯን ይዛ መድረክ ወጣች። ገና «ክቡራን» ስትል እንግዳው እጃቸውን አነሱ።

«ንግግር ይቅር! ንግግር ሰልችቶናል» አሉ፣ ለረጅም ጊዜ ከተናገሩ በኋላ። «ልጄ፣ ተምረሻል አይደል? ይህን ማሽን ክፈቺና አንድ ነገር ሠርተሽ አሳዪን። በትልቁ ስክሪን እንየው!»

አዳራሹ አጨበጨበ። እትዬ ብዙወርቅ ካርቶኑን አምጥተው በገዛ እጃቸው ቀደዱት። አቶ ምስክር ገመዱን ሲሰኩ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ፦

«‹እናመሰግናለን› ብለሽ ጻፊ። ሌላ ምንም።»

ዲኑ የፊት ወንበር ላይ ናቸው። ለጋሾቹ ስልካቸውን ለቪዲዮ ከፍ አድርገዋል። በክፍቱ የጎን በር በኩል፣ ሻንጣና ፌስታል የያዙ ልጆች ወደ ጊቢው መውጫ እያለፉ ነው፤ አንዱ ቆም ብሎ ወደ ስክሪኑ አየ። ሌሎቹም ቆሙ።

_____
¹ በሪፖርቱ ላይ ሁሉም አርባ ላፕቶፖች «ለተጠቃሚዎች ተላልፈዋል» ተብሏል። የአሥራ አንዱ ወዴት እንደሄደ አልጠየቅሁም፤ ሰደርያ የለኝም።


፲፫.

በግድግዳው ሙሉ የፕሮግራም መጻፊያው ጥቁር መስኮት ተከፈተ። ነጭ ጭረት ብልጭ፣ ድርግም ይላል።

የደጊቱ ጣቶች ወረቀት ላይ ሥላ ያጠናቻቸውን ፊደሎች ሳይፈልጉ አገኟቸው። ማሽኑን «በጥቅስ ውስጥ ያለውን አሳይ» የሚለውን ትእዛዝ ጻፈች። ቅንፍ ከፈተች።

አቶ ምስክር ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጥቅስ ከፈተች።


፲፬.

«