የጋሼ ይመር ትንፋሽ

አሸብር የዩኒቨርሲቲ የሒሳብ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አልነበረም። የመርካቶ ሰው ግን የደም ግፊት መለኪያ የያዘውን ሁሉ ሐኪም ይለዋል፤ እሱም ማስተባበሉ ሰልችቶት ትቶታል። በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ክረምት እህል በረንዳ ወርዶ የአርባ ተሸካሚዎችን ግፊት ለካ። የደም ሥር በየትርታው ተለጥጦ ይመለሳል፤ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ግፊቱም ይጨምራል። አሸብር የሚሠራው ከግፊቱ ተነሥቶ ድርቀቱን የሚያሰላ ቀመር ነበር።

ቀመሩ ክፉ ነገር ተናገረ። የአርባዎቹም የደም ሥር የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ የደም ሥር ሆኖ ቁጭ አለ። ከሁሉም የባሰው ሠላሳ ዓመት ኩንታል የተሸከሙት የጋሼ ይመር ነበር። አሸብር ደንግጦ ከእንግዲህ እንዳይሸከሙ የሚል ወረቀት ጻፈላቸው። ሐኪም አለመሆኑን ማስታወስ የነበረበት እዚህ ላይ ነበር። ልጃቸው ሸዋርካብሽ ወረቀቱን አስነብባ ስታለቅስ ዋለች፤ ከዚያ ወዲህ በርበሬ እየቸረቸረች አባቷን ቤቷ አስቀምጣ ታበላቸው ጀመር።

አሸብር ሁለት ወር ከቀመሩ ጋር ሲታገል ከሳ። አንድ ጧት ደክሞት እህል በረንዳ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጫኞቹን ሲያይ ነገሩ ተገለጠለት። ኩንታሉ ጀርባው ላይ ሊያርፍ ሲል ተሸካሚው ትንፋሹን ውጦ ሰውነቱን ያጠብቃል፤ የሚተነፍሰው ሸክሙ ሲደላደል ነው። የመለኪያው ጨርቅ ክንዳቸውን ጨምደድ ሲያደርገውም ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ግፊቱን ከፍ ያደረገው የያዙት ትንፋሽ ነው። የሁለት ወር ልፋቱ ታጥቦ ጭቃ ሆነ፤ በራሱ ለመናደድ እንኳ አቅም አጣ።

ሠላሳ ዘጠኙን ተንፍሱ እያለ እንደገና ለካቸው፤ ግፊታቸው ወረደ። የቀሩት ጋሼ ይመር ብቻ ነበሩ። መሳለሚያ ሰፈር፣ ልጃቸው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኛቸው። ወረቀቱን ተቀብሏቸው ስህተቱን አንድ በአንድ አስረዳቸው፤ እሳቸውም እንደ ጓደኞቻቸው ደኅና ከሆኑ ወደ ሥራቸው ሊመለሱ እንደሚችሉ ነገራቸው። የምሥራች የነገራቸው መስሎት ነበር።

ሽማግሌው ጆንያ ያጠቆረውን ትከሻቸውን አሻሹ።

«ልጄ፣» አሉ፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሁሉም ተሸከም ሲለኝ ነው የኖረው። አውርድ ያለኝ ያንተ ወረቀት ብቻ ነው።»

አሸብር ጨርቁን ክንዳቸው ላይ ጠመጠመና መንፋት ጀመረ።

«አሁን ይተንፍሱ፣ ጋሼ ይመር።»

ጋሼ ይመር ዓይን ዓይኑን እያዩ ትንፋሻቸውን ያዙ። አሸብር ጠበቀ። ደረታቸው አልተንቀሳቀሰም፤ የመለኪያው መርፌ ከፍ ብሎ ቆመ። ደብተሩን አውጥቶ ለቀመሩ ከለካቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ስማቸውን ሰረዘ። ወረቀታቸውን ግን አጥፎ መለሰላቸው።

«እንደ ድሮው ነው፤ አይሸከሙ» አላቸው።

ያን ጊዜ ጋሼ ይመር ተነፈሱ።