ለሐኪም የማይባል ቃል

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ የሰው ልጅ ከጥንት ከመሠረቱ እሳትን ከብቦ ሲሞቅ ኖረ እንጂ እሳቱን «አንተስ በረደህ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ጠቢብም ሆነ ገልቱ በምድረ ገጽ እንዳልተገኘ ልብ በል፤ ብዙዎችን የሚያገለግል ሁሉ በብዙዎች መካከል ብቸኛ ነውና።

ሐኪም ይትባረክ የደብረ ዋልካ ብቸኛ ፈዋሽ፣ የድውያኗም ብቸኛ ተስፋ ነበረ። ከደጁ የሚሰለፈው ሕመምተኛ ከመብዛቱ የተነሣ፣ በሰልፉ ጅራት የቆመ ጎረምሳ ተራው ሳይደርስ ሚስት አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ክርስትና አስነሥቷል ቢባል ከእውነቱ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። የዳነው ሁሉ ውዳሴውን ለጠበሉ፣ ስእለቱን ለታቦቱ ያገባል፤ የሞተ እንደ ሆነ ግን ወቀሳውና እርግማኑ የሐኪሙ ብቻ ድርሻ ነው። ይትባረክ ይህንንስ ችሎት ነበር። ኋላ ግን ራሱ ታመመ፤ ግንባሩ ድስት ቢጣድበት የሚያንተከትክ፣ ሳሉም የጣራውን ቆርቆሮ የሚነቅል ሆነ። እንዲህ ሆኖም የሰውን ልብ ትርታ ሲያዳምጥ ይውላል፤ ድውያኑም ዐይናቸውን ሰበር አድርገው የየራሳቸውን ቁርጠት ይዘረዝሩለታል። በዚያ አገር ፍየል እንኳ ብታነጥስ «ይማርሽ» ትባላለች፤ ለእርሱ ግን ይህችን ቃል የሚወረውር አንድ አንደበት ጠፋ። ከትኩሳቱ ይልቅ ዝምታው አከሰመውና፣ ወደ ትውልድ አገሩ ሊመለስ በቅሎውን አስጫነ።

እግሩን ከእርካቡ ሊያኖር ሲል፣ ምላሷ ከጉልበቷ ይልቅ ጤነኛ የሆነች ባለ ቁርጥማት፣ ወይዘሮ ትርንጎ፣ እያነከሰች ደረሰች።

«እማማ፣ መታመሜ አይታይዎትምን?» አላት።

«እንዴታ! ዝንብ ቢያርፍብዎ ተጠብሶ ይወድቃል እኮ።»

«ታዲያ ‹እግዜር ይማርዎ› ማለት ምነው ከበደዎ?»

ትርንጎ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «ኧረ በስመ አብ! ለሐኪም? ቄሱን ‹ንስሐ ግባ› እንደ ማለት አይደል እንዴ! የአገር ሰው በክብር ዝም ብሎ፣ እኔ አዋርጄዎት የት ልገባ ነው?»

«እንግዲያስ ያዋርዱኝ፤ እለምንዎታለሁ።»

ግራ ቀኙን እንደ ሌባ ቃኝታ፣ «እግዜር... ይማርዎ» አለችው። «አሜን» አለ ይትባረክ፤ እንባውም ዱብ ዱብ አለ፤ በቅሎውንም አራገፈ።

ነገር ግን በደጃፉ ተራ የሚጠብቁት ድውያን እንባውን እንጂ ደስታውን አላዩምና፣ ሐኪማችን ተሰደበ ብለው ጮኹ። ሽማግሎች ተሰየሙ፤ ትርንጎም ያለችውን ቃል ተናዘዘችና፣ በባህሉ መሠረት ድንጋይ በአንገቷ ተሸክማ ይቅርታ ልትለምን ከፊቱ ቆመች።

«ኧረ አልሰደቡኝም! ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስሁት!» አለ ይትባረክ።

«ትሕትናውን አያችሁ!» ተባባሉ ሽማግሎቹ፤ ድንጋዩን ግን አላወረዱም፤ «ይቅር ብያለሁ» ካልተባለ አይወርድምና። ይቅር ቢል፣ ያቺ ቃል ስድብ ሆና ጸንታ ዳግመኛ ማንም እንደማይላት ዐወቀ፤ ዝም ቢል ደግሞ የትርንጎ በሽተኛ ጉልበት ከድንጋዩ በታች ይንቀጠቀጣል።

«ይቅር ብያለሁ» አለ።

ድንጋዩ ወረደ፤ ሕዝቡም እልል እያለ ተበተነ። ይትባረክ የትርንጎን ጉልበት በቅባት አሽቶ ካሰናበታት በኋላ በሩን ዘግቶ ተጋደመ፤ ለገዛ ራሱም በሹክሹክታ «እግዜር ይማርህ» አለ፤ «አሜን» ለማለት ግን አፈረ። አይታመምም ተብሎ የተከበረ ሰው፣ በክብሩ ውስጥ ብቻውን ይታመማል።