ከብራክንሾ ሥር የተኛው ውሃ

ኖርማን ተርልዌል፣ ዩኒቨርሲቲው ሦስተኛ ግቢውን በድሮው የከሰል ማዕድን ላይ ከሠራ ወዲህ፣ በዚያ በኩል አልፎ አያውቅም። ዳቦ ቤቱም ሐኪም ቤቱም ከግቢው ማዶ ናቸው፤ እሱ ግን በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ዞሮ ይሄዳል። ለጠየቀው ሁሉ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ነው ይላል። የሚዞርበት መንገድ ሽቅብ መሆኑን ያልታዘበ የለም። ቢሆንም ብራክንሾ ትንሽ ከተማ ናት፤ ምክንያቱን ሁሉም ስለሚያውቅ አንድም ሰው አልተከራከረውም።

አባቱ አይዛክ ከዚያ ጉድጓድ አልወጣም። ኖርማን ገና ጡት ሳይጥል፣ አንድ በረዶ የጣለበት ጠዋት፣ ከሰል ቆፋሪዎቹ በምሥራቁ ዋሻ ሲገፉ ጥንት ተቆፍሮ የተረሳ፣ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ነደሉ። ውሃው ጥሶ ገባ። ብዙዎቹ ሮጠው አመለጡ፤ አይዛክና ሦስት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። ፓምፖቹ ለሳምንታት ሌት ተቀን ቢሠሩም ውሃው አሸነፈ። በመጨረሻ ያ ወገን በጡብ ተገነባበትና ለቅሶው ያለ ሬሳ ተለቀሰ። ኖርማን ሲጎረምስ እሱም እዚያው ጉድጓድ ወረደ፤ ብራክንሾ ውስጥ ሌላ እንጀራ አልነበረም። ማዕድኑ እስከተዘጋበት ቀን ድረስም ሠራ። ሲዘጋ ፓምፖቹ ቆሙ፤ ውሃውም ከታች ቀስ እያለ ተነሥቶ ዋሻውን ሁሉ ሞላው።

እውነቱን ለመናገር ዩኒቨርሲቲውም ባዕድ አልነበረም። በቅድመ አያቶቻቸው ዘመን አንድ የጋዝ ፍንዳታ ብዙ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ ወደ ታች የሚወርድ ሰው የሚተነፍሰውን ይወቅ ብለው፣ ከሰል ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመው የማታ ትምህርት ቤት ሠሩ። ትምህርት ቤቱ ኮሌጅ ሆነ፤ ኮሌጁ ፖሊቴክኒክ ሆነ፤ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ፖሊቴክኒኮቹን ዩኒቨርሲቲ ናችሁ ሲላቸው የእነሱም በር ላይ ያለው ስም ተቀየረ። የኖርማን ባልንጀራ ክሊፍ በወጣትነቱ እዚያ ቤት የጋዝ ፈተና ወድቆ ነበርና፣ የዚያን ዕለት መጠጥ ቤት ገብቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አክብሩኝ፤ ብወድቅም የወደቅሁት ከዩኒቨርሲቲ ነው» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ቀጥሎ በከተማዋ ወደብ ዳር የባሕር ጥናት ግቢ ተከፈተ። ከዚያ በጉድጓዱ ላይ ሦስተኛው መጣ።

የኖርማን አንድ ልጅ ሂላሪ እዚያው ስለ አለት ተምራ፣ እዚያው አስተማሪና ተመራማሪ ሆና ቀረች። አባቷ ምን እንደምታጠና ጠይቋት አያውቅም፤ እሷም ለዓመታት ነገሩን በዳር በዳር ስትሄድበት ኖረች። አንድ እሑድ ግን ምሳ ላይ፣ ጥብሱን እየቆረጠ ሳለ፣ ነገረችው። የምድር ሆድ ሙቅ ነው። በተተዉት ዋሻዎች የተኛው ውሃ ያን ሙቀት ሲጠጣ ኖሯል። ቡድኗ እስከ ዋሻው ድረስ ሰርስሮ ውሃውን ሊያወጣና ግቢውን በሙሉ ሊያሞቅበት ነው።

ኖርማን ቢላዋውን አስቀመጠ።

«አያትሽ ያለበትን ውሃ?»

«እሱ ያለበት ወገን ተገንብቶበታል፣ አባዬ። እኛ የምንሰረስረው በዋናው ዋሻ በኩል ነው።»

«ውሃ ደግሞ ግንብ ያውቃል?»

«አያውቅም» አለች ሂላሪ። «አልዋሽህም፤ ውሃው አንድ ነው። ግን እኛ ዘንድ አይቀርም። ይወጣል፣ ሙቀቱን ይሰጠናል፣ ወደነበረበት ተመልሶ ይወርዳል። አንተ ይቅር ብትል ሥራው አይቀርም፤ ዩኒቨርሲቲው ሌላ ሰው አያጣም። እኔ ግን ከሥራው እወጣለሁ። ይሄን ልነግርህ ነው።»

«ብዪ፣ ይቀዘቅዛል» አላት። ቢላዋውን አንሥቶ ጥብሱን መቁረጡን ቀጠለ።

ብዙ ቀን አልተኛም። የልጁ ፀጉር በዚህ ሥራ ላይ ሲሸብት አይቷል፤ ውጪ በይ ቢላት እንደምትወጣም ያውቃል፤ ያስፈራውም ይኸው ነበር። በመጨረሻ ወደቡ ዳር አሳና ድንች ይዘው በተቀመጡበት ለክሊፍ አወራው። ቀልድ ጠብቆ ነበር። ክሊፍ ግን ድንቹን ለባሕር ወፎች ወረወረ።

«አባትህ እዚያ ምን ሊሠራ ነበር የወረደው?» አለ።

«ምን ማለትህ ነው? ከሰል ሊያወጣ ነዋ።»

«ከሰሉ ለምን ነበር?»

ኖርማን አሳውን በጣቱ ቆረሰ።

«ሰው እንዲሞቀው ነበር፣ አንተ ደረቅ» አለ ክሊፍ። «ሌላ ለምን ነበር?»

መሰርሰሪያው ዋሻው ላይ በደረሰ ማግስት ኖርማን ኮቱን ለብሶ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ መዞሩን ትቶ፣ ቀጥታ በግቢው በር ገባ። ሂላሪ ከሩቅ አይታው ቀጥ ብላ ቆመች። ሄዶ ክንዷን ያዘ። የሥራው ኃላፊ ዶክተር ፊንሌይ የሚባል ቀጭን ስኮትላንዳዊ ነበር። ሄልሜት አምጥቶ ማሰሪያው እንዴት እንደሚጠብቅ በትሕትና ሊያሳየው ሲጀምር ኖርማን ተቀበለውና፣ «ልጄ፣ ይሄንን እንኳ ለኔ ተወው» አለው። ወጣቶቹ ሳቁ፤ ፊንሌይ ራሱ እስከ ጆሮው ቀላ።

ካሜራው ከነመብራቱ በገመድ ታስሮ ወረደ። እነሱ ከቆርቆሮ በተሠራች ክፍል ውስጥ ስክሪኑን ከበው ቆሙ። መጀመሪያ አለት ብቻ ነበር፤ ግራጫ፣ ጥቁር፣ እንደገና ግራጫ። ሂላሪ ይህ ንጣፍ ደን የነበረ ነው፣ ያኛው የባሕር ወለል ነው እያለች በዝግታ ትነግረው ነበር። ከዚያ ውሃ ሆነ። ከዚያ ግድግዳው በድንገት ጠፋና ካሜራው ባዶ ቦታ ላይ ተንጠለጠለ።

ዋሻው ነበር።

የእንጨት ምሰሶዎቹ አንዳቸውም ሳይወድቁ ቆመዋል። ከእያንዳንዳቸው እንደ ሽበት የነጣ፣ እንደ ክር የቀጠነ ነገር ወርዶ፣ ካሜራው ባናወጠው ውሃ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። ሐዲዱ ወርቅማ ቀይ ደለል ለብሷል። አንድ ጋሪ ትናንት እንደቆመ ሁሉ ጥግ ይዟል። ኖርማን ያን ዋሻ ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ይመስለው ነበር እንጂ አይቶት አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ጩኸት፣ አቧራ፣ ራሱ ላይ ያለው መብራት የሚያበራትን አንዲት ክንድ ቦታ ነበር። አሁን ከዳር እስከ ዳር ታየው፤ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ እንደ ካቴድራል። ሰዎች ከሄዱ በኋላ ምድር ዝም ብላ ስትሠራው የኖረችው ነገር ነበር።

ካሜራው ሲዞር በስተመጨረሻ የጡብ ግድግዳ ታየ። መሐሉ ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ቀዩ ደለል እንደ ጢስ እየተግተለተለ ይወጣል።

ሂላሪ ለፊንሌይ ካሜራውን እንዲያዞር በእጇ ምልክት ሰጠች።

«ተዪው» አለ ኖርማን።

ሄልሜቱን አወለቀ። እዚያ ሄልሜት ማውለቅ ክልክል ነው፤ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ፊንሌይ አየውና የራሱን አወለቀ። ሌሎቹም አወለቁ። እንዲህ ሆነው ቆሙ፤ ማንም እስኪነግራቸው ድረስ አልጠበቁም፣ ማንም በቃ አላላቸውም። በመጨረሻ ኖርማን ራሱ መልሶ አጠለቀ።

ከሰዓት በኋላ ፓምፑ ተነሣ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ እንደ ዝገት የቀላ ውሃ፣ ከዚያ እየጠራ እየጠራ ሄደ። ብርዱ አጥንት የሚሰብር ነበርና ከውሃው እንፋሎት ተነሥቶ ሁሉንም ሸፈናቸው። ኖርማን ጓንቱን አውልቆ እጁን ሰደደ።

በረዶ የሚያህል ቅዝቃዜ ጠብቆ ነበር። ለብ ያለ ነው፤ የሰው እጅ ያህል።

አባቱን አያስታውሰውም። ድምፁን አያውቅም፤ የነበረው አንድ የደበዘዘ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። በሰባ ዓመቱ፣ ከአባቱ ዘንድ የመጣ ነገር ሲነካው ይህ የመጀመሪያው ነበር። እጁን አላወጣም። ሂላሪ አጠገቡ መጥታ የራሷን እጅ ከእጁ ጎን አስገባች።

«ሥሪበት» አላት። «ውጪ አልልሽም። ሥሪበት።»

በሚቀጥለው ብርድ ግቢው በዚያ ውሃ ሞቀ፤ ከዓመታት በኋላ ቧንቧው እነ ኖርማን ሰፈርም ደረሰ። ዩኒቨርሲቲው አዲስ የተሰረሰረውን ጉድጓድ በአይዛክ ስም ሊሰይመው ጠይቆት ነበር። ብቻውን አልሞተም ብሎ እንቢ ስላለ አራቱም ስሞች ተጻፉበት። እሱና ክሊፍ፣ ቧንቧው ከወለሉ ሥር የሚያልፍበትን የግቢውን ቤተ መጻሕፍት ለመዱት። ክሊፍ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ጥሎ ያንኮራፋል፤ ሠራተኞቹም ይተዉታል።

አንድ ቀን ከቬትናም የመጣች ተማሪ ካፖርቷን አውልቃ አጠገባቸው ተቀመጠችና፣ እዚህ ይሠሩ ነበር ወይ ብላ ኖርማንን ጠየቀችው።

«አዎ፣ ከታች።»

«ምድር ቤት?»

«ከዚያም በታች» አለና ነገራት፤ ስለ ዋሻው፣ ስለ ምሰሶዎቹ፣ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚመለስ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሰማችው። ሲጨርስ ጫማዋን አወለቀችና ውስጥ እግሯን ለብ ባለው ወለል ላይ በቀስታ አሳረፈች።