የሊዛርዶ ባዶ ቅርጫት

ባሌን ሊዛርዶን ቀብረን የዘጠኙ ቀን ጸሎት ትናንት አለቀ። ለቀስተኛው ስለ ደግነቱ ሲያወራ ሰነበተ። እኔ ግን ዘጠኙንም ቀን ሳቄን ያፈንኩት እኔን ከአባቴ የለመነባት እሑድ ትዝ እያለችኝ ነው።

አባቴ ሲክስቶ ቁርጡን ነግሮት ነበር። ለአጎቶቼ ሾርባ የሚበቃ ካራቻማ በእጁ ከያዘ እኔን ይወስዳል፤ ካልያዘ በመጣበት ታንኳ ይመለሳል። ካራቻማ ገላው እንደ ጡብ የጠጠረ አምባዛ ነው። በማራኞን ወንዝ ዳር፣ ክንድ በሚውጥ የሸክላ አፈር ጉድጓድ ውስጥ ይኖራል። መረብ አያገኘውም፤ ሰው እጁን ሰዶ፣ ከእሾሁ እየተጠነቀቀ ጎትቶ ያወጣዋል። ሊዛርዶ ደግሞ ከላይኛው መንደር የመጣ ግንድ አንሳፋፊ ነበር። አባቴም ግንድ እንጂ ዓሣ አያውቅም ባይ ነው።

የዚያች እሑድ ጠዋት ዘመዱ ሁሉ የካሳቫ ጠላውን ይዞ ዳር ላይ ተቀመጠ። ሊዛርዶ የዓሣ ቅርጫቱን ዳር ላይ አስቀምጦ ውሃው ውስጥ እስከ ደረቱ ገብቶ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ክንዱን ሰደደ፤ ትንሽ ዳበሰና ባዶ እጁን አወጣ። ወደ ሁለተኛው ሄደ። ሰባት ጉድጓድ ዳብሶ አንድም አልያዘም። አጎቶቼ እጅ ነው ወይስ መቅዘፊያ እያሉ ይስቁበታል። እኔ ጥፍሬን እበላለሁ።

«ምነው፣ ዓሣዎቹ ቤት የሉም?» አለው አባቴ።

«አሉ እንጂ፣ ዶን ሲክስቶ። እንቁላል ላይ ናቸው። አባት ያለበትን ቤት ማፍረስ ከበደኝ።»

ሳቁ ባሰ። ካራቻማ እንቁላል የሚጥለው ወንዙ መሙላት ሲጀምር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ገና አንድ ወር ይቀራል። አባቴ ይህንኑ ነገረው። ሊዛርዶ ግን ላይ በኩል ዝናቡ ቀድሞ መጀመሩን፣ ከሦስት ቀን ወዲህም ውሃው መነሳቱን ግንድ ሲያንሳፍፍ እንዳየ መለሰለት።

«ዋሽተህ ከሆነ ቅርጫቱን ጭንቅላትህ ላይ ነው የምደፋልህ» አለና አባቴ ከነሱሪው ገባ።

ክንዱን እስከ ትከሻው ሰደደ። ካራቻማ በሌላ ጊዜ እጅ ሲነካው ወደ ውስጥ ይሸሻል። እንቁላል ላይ ያለ ወንድ ግን አይሸሽም። ሴቷ ጥላለት ስትሄድ እሱ እዚያው ተኝቶ፣ በክንፉ እያራገበ ንጹሕ ውሃ ያሳልፍላቸዋል፤ እጅ ከመጣበት በጅራቱ ይማታል። አባቴ መመታቱን ከፊቱ አወቅን። ሁለተኛውን ሞከረ፤ ሦስተኛውን። አንዱን ጎትቶ ቢያወጣና ሊዛርዶን ውሸታም ቢለው ማን ያውቅበት ነበር? ክንዱን ሲያወጣ ጣቱ ላይ ምስር የምታህል ብርቱካንማ እንቁላል ተጣብቃለች። ተመለከታት፤ ቀስ ብሎ ወደ ጉድጓዱ መለሳት።

ወጥቶ ሱሪውን እየጨመቀ እናቴን ዶሮ እንድታዘጋጅ አዘዛት።

«ዶሮዋስ እንቁላል ላይ ብትሆን?» አለችው እናቴ።

«እንግዲያው አውራውን።»

አጎቶቼ በሳቅ ተንፈራፈሩ። አባቴ አልሳቀም፤ ወደ ሊዛርዶ ዞረ።

«ዓሣውን ውሃው ሲጎድል ታመጣልኛለህ» አለው። «ልጄን ግን እስከዚያ አታስጠብቃት።»