አባዬ ተኝቶ ሳለ

«አይቶ ነው የሞተው!» አለች አክስትየዋ፣ ለአዲስ መጪዎቹ ሻይ እየቀዳች። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሲመኘው የኖረውን ነጭ ድብ በዓይኑ በብረቱ አይቶ ነው ወንድሜ የሄደው። ስንቱ ነው ምኞቱን ሳያገኝ የሚቀበር?»

ለቀስተኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስተኛው ቀን ነው። ሳሎኑ ከጎረቤት በተዋሱ ወንበሮች ተሞልቷል፤ የአንዱ እግር አጭር ስለሆነ የተቀመጠበት ሁሉ ለአፍታ ሐዘኑን ረስቶ ይደነግጣል። የሟቹ ሚስት መስኮቱ ሥር ሶፋው ላይ ናት። «አይቷል» በተባለ ቁጥር ፊቷ ትንሽ ይፈታል። ከቀብሩ ወዲህ እህል የቀመሰችው በዚህ ቃል ብርታት ነው።

ልጃቸው ሚጢጢ ግን ይህን ወሬ በሰማች ቁጥር ወደ ማድ ቤት ትሸሻለች። ሚጢጢ ያላት አባቷ ነው፤ ዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ የራሷ ፀጉር ቤት አላት፣ በቁመትም አባቷን ካለፈች ቆይታለች፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። አባቷ ድቧን አላየም። ያየችው እሷ ናት። ይህን ከቤተሰቡ የሚያውቅ የለም፤ እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች። እውነቱን ብትናገር የእናቷን ብቸኛ መጽናኛ መንጠቅ ይሆንባታል፤ ዝም ብትል ደግሞ እንቅልፍ አይወስዳትም።

አባቷ የሙዚየም ጠባቂ ነበር። በእንስሳት አዳራሹ መካከል ቆዳዋ ተሞልቶ የቆመች ነጭ ድብ አለች። ሙዚየሙ ሰኞ ሰኞ ሲዘጋ፣ መሰላል ላይ ወጥቶ ከጆሮዋ እስከ ጥፍሯ በለስላሳ ብሩሽ አቧራዋን የሚያራግፍላት እሱ ነበር። ባልደረቦቹ «የድቧ ባል» ይሉታል። ሚስቱም ከሥራ ሲገባ ጠብቃ፣ «ጣውንቴ ደኅና ናት? ዛሬስ አበጠርካት?» እያለች ታበሽቀዋለች። እሱም «ካንቺ ይልቅ እሷ ዝም ትላለች» ይልና ይሳሳቃሉ።

መልስ ያጣው ለልጆች ጥያቄ ነበር። ከየትምህርት ቤቱ የሚመጡት ከበውት «ስትሄድ እንዴት ነው የምትሄደው?» ይሉታል። «ቀስ ብላ» ይላል፤ ከዚያ በላይ አያውቅም። አንዲት ጥርሰ ወላቃ «ኤሊም ቀስ ብላ ነው የምትሄደው» ብትለው፣ ያን ቀን ራት አልበላ አለ። ጡረታ ሲወጣ ባልደረቦቹ ወደ ሰሜን ጫፍ፣ በበጋ ፀሐይ ወደማትጠልቅበት ባሕር፣ የስምንት ቀን የመርከብ ጉዞ ሸለሙት። እናትየዋ ባሕር ስለምትፈራ ሚጢጢ ፀጉር ቤቷን ዘግታ አብራው ሄደች።

መርከቧ ትንሽ ነበረች፤ ተሳፋሪው ሠላሳ ቢሞላ ነው። አራት ቀን ሙሉ ከወፍና ከበረዶ በቀር የታየ ነገር አልነበረም። ምሳ ላይ ሁሉም ያጉረመርማል። «ወፍ ለማየትማ በረንዳዬ ምን አላት?» ይላል አንዱ።

እንስሳ ሲታይ መጮህ ክልክል ነው፤ አስተናጋጁ እየዞረ በየበሩ ሦስት ጊዜ በጣቱ ያንኳኳል። በአምስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ተንኳኳ። አባቷ ሁለት ቀን ሙሉ ሳል እንቅልፍ ነስቶት ገና ሸለብ ማድረጉ ነበር። ሚጢጢ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። መልሳ እጇን አነሳች። «ይተኛ፤ ገና ሦስት ቀን አለን፣ ሌላ ይመጣል» አለችና ብቻዋን ወጣች።

አንዲት ነጭ ድብ ከነግልገሏ በበረዶው ላይ አርባ ደቂቃ ያህል ስትሄድ ታየች። ከዚያ ጉም ዋጣት። ሚጢጢ አባቷ ሳይነቃ ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ለመነች፤ «እባካችሁ፣ አባቴ አይስማ።» ሁሉም እሺ አሏት። ሌላ ድብ ግን አልመጣም። አባቷ ቀሪዎቹን ሦስት ቀናት ነፋሱ ፊት ለፊት፣ የመርከቧን የጠርዝ ብረት ይዞ ቆመ። ሻይ ታመጣለታለች፣ አንገቱን በሻርፕ ትጠመጥምለታለች፣ «ግባ አባዬ» ትለዋለች። «ትንሽ ልቆይ» ይላታል። ሲመለሱ ከቤቱ በፊት ሆስፒታል ገባ፤ በገባ በዘጠነኛው ቀን ሳንባው ደክሞ አረፈ። ከማረፉ በፊት እናቷ አልጋው አጠገብ ሆና «አየሃት?» ስትለው ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ ዓይኑ ግን ሚጢጢ ላይ ነበር።

የሐዘን ቤቱ በር ተንኳኳ። የገቡት ከመርከቧ ተሳፋሪዎች አንዷ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ። ሚጢጢ ገና ስታያቸው የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይኸው ነው።

«እርስዎም አብረው ነበሩ?» አክስትየዋ ወንበር አቀረበችላቸው። «እስቲ ይንገሩን፣ ወንድሜ ድቧን ሲያይ ምን አለ?»

መምህርቷ ሚጢጢን አዩዋት። «ብርዱ ብርቱ ነበር» አሉ። ከዚያ ውኃ ጠየቁና ተከትለዋት ማድ ቤት ገቡ።

«ላጽናናሽ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ በሩን ገርበብ አድርገው። «አባትሽ ያውቁ ነበር።»

«ማን ነገረው?»

«ማንም። በማግስቱ አጠገባቸው ብቆም፣ ‹ሰዉ ማጉረምረም ተወ› አሉኝ። ‹አራት ቀን ድብ የለም ብሎ ሲነጫነጭ የነበረ ሰው፣ ከትናንት ወዲህ ጭጭ አለ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙዚየም አይቶ የሚወጣ ሰው ፊት ሳይ የኖርኩ ነኝ፤ አይታችኋል› አሉኝ።»

«ታዲያ ለምን ቆመ? በዚያ ብርድ ለምን አልገባም?»

«ጠየቅኋቸው እኮ። ‹ውስጥ ሰው ይበዛል፤ እዚህ እኔና ልጄ ብቻችንን ነን። መጥታ ድቧ እንዴት እንደምትሄድ ትነግረኛለች፤ እሱን ነው የምጠብቀው› አሉ። ቂም አልያዙብሽም ልጄ። ይህን ታውቂ ብዬ ነው።»

ሴትየዋ ቅን ናቸው፤ የሰጡት መጽናኛ መስሏቸዋል። ሚጢጢ ግን የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ያዘች። ሦስት ቀን ሙሉ ሻይ ይዛ በወጣች ቁጥር ፊቱን ወደ እሷ ይመልስ ነበር። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር የጠበቀው። እሷ ግን «ግባ» ብቻ አለችው። ተጸጸተች፤ ጸጸቱ የሚያስለቅስ እንኳ አልነበረም፣ አፍ የሚያደርቅ እንጂ።

ሳሎን ስትመለስ አክስትየዋ ለሌሎች መጪዎች ጀምራለች። «በዓይኑ በብረቱ...»

«አላየም» አለች ሚጢጢ።

አክስትየዋ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«ኧረ ተይ ልጄ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ» አለች አክስትየዋ።

«ተያት» አለች እናቷ። «ራሱን ነቅንቆልኛል እኮ።»

«ለእኔ ብሎ ነው እማዬ። ያየሁት እኔ ነኝ። ተኝቶ ነበር፣ አልቀሰቀስኩትም። እንድነግረው ሲጠብቀኝ ነበር፤ አልነገርኩትም።»

የእናቷ ፊት ተዘጋ። ወደ መስኮቱ ዞረች። አንዱ ለቀስተኛ ሊያስል ፈልጎ ዋጠው።

«ታዲያ አሁን ለማን ልትነግሪው ነው?» አለች፣ ሳትዞር።

ሚጢጢ ከእናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ሁለት መዳፎቿን እናቷ ጭን ላይ፣ ጥቁሩ ቀሚስ ላይ አሳረፈች። ጣቶቿን ወደ ውስጥ አዙራ አንዱን በክብደቱ ጫነች፤ ቆየት ብላ ሌላውን ወደ ፊት ወሰደች፣ ጫነች። ጭንቅላቷን ዝቅ አድርጋ ግራና ቀኝ እያወዛወዘች፣ ድቧ በበረዶው ላይ እንደሄደችው ሳትቸኩል፣ ወደ እናቷ ጉልበት ሄደች።

እናቷ ፊቷን ከመስኮቱ አልመለሰችም። እጇን ግን አወረደችና፣ ከመዳፎቹ ፊት የነበረውን የቀሚሷን እጥፋት ዘረጋችው።