ማሚቶ የምትባለዋ

እናቴ ወይንእሸት አባቴን የተወችው ማሚቶ በምትባል ሴት ምክንያት ነው። የሰማችውም በገዛ ጆሮዋ ነው። አንድ የክረምት ቀን አባቴ በር ላይ ቆሞ ለጓደኛው «ማሚቶ አንተ ዘንድ ትደር፤ ብርዱ እንዳይጎዳት ጋቢዬን አልብሳት» ሲል ሰማችው። ጋቢውን ፈትላ ያለበሰችው እናቴ ራሷ ነበረች። ምንም አልጠየቀችውም። የሁለት ዓመት ልጅ የነበርኩትን እኔን አዝላ ከቢቸና ወጣች፤ ሞጣ ወላጆቿ ቤት ገባች። አባቴ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላከባት። «በደሉ ምንድን ነው?» ሲሏት መልሷ አንድ ብቻ ነበር፤ «ራሱ ያውቀዋል!»

አባቴ ገላው የቢቸና ኪነት ቡድን ክራር ተጫዋች ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ሲሞት እናቴ ለቀብሩ አልሄደችም። እኔ ሄድኩ። ከዕቃዎቹ መካከል አንድ ካሴት አግኝቼ ይዤ ተመለስኩ፤ ጣጣዬም የጀመረው ያኔ ነው።

እኔ ሞጣ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከሥራ መልስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክራር እመታለሁ። ሱሴ ግን ፔዳል ነው፤ ክራሩና ድምፅ ማጉያው መካከል ገብቶ በእግር ሲረግጡት ድምፁን የሚለውጥ ትንሽ ሳጥን። ስም ያለውንማ ማንም ይገዛዋል። እኔ የምወደው የሠራው ሰው እንኳን የረሳውን ነው። የቴሌግራም ጓደኞቼ «አንቺ ደግሞ የሞተ ዕቃ ትወጃለሽ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ካሴቱ ላይ የአባቴ ክራር እያንዳንዱ ምት ሦስት ጊዜ ይመለሳል። ሦስተኛው ሲመለስ ይንቀጠቀጣል፤ ሊያለቅስ ሲል ተናንቆት እንደሚያቆም ሰው። አባቴን በሕይወቴ ያየሁት አምስት ጊዜ ቢሆን ነው። ያን ድምፅ ባገኝ እሱን የማገኘው መሰለኝ። ናፈቀኝ። የማያውቁት ሰው እንዴት ይናፍቃል አትበሉኝ፤ ይናፍቃል። ከአዲስ አበባ ሁለት፣ ከባሕር ዳር አንድ ፔዳል አስመጣሁ። ሁሉም ድምፅ ይመልሳሉ፤ ግን እንደ ሸምዳጅ ተማሪ አንድም ሳይሳሳቱ። የሚንቀጠቀጥ ጠፋ።

በመጨረሻ ቡድኑ ውስጥ አኮርዲዮን ይጫወቱ ለነበሩት ለጋሼ ሣህለ ማርያም ደወልኩ። ዛሬ ቢቸና ውስጥ ልብስ ሰፊ ናቸው።

«ጋሼ፣ ከድሮው የቀረ ፔዳል እርስዎ ዘንድ አለ?»

«ሞልቶ ልጄ! ነይና ውሰጅ።»

ቅዳሜ በማለዳ ተሳፈርኩ። ልቤ ከሚኒባሱ ቀድሞ ነበር የሚሮጠው። ቢቸና ደርሼ ሱቃቸው ስገባ አገላብጠው ሳሙኝ፤ ከጠረጴዛቸው ሥር ጎንበስ ብለው አቧራውን አራገፉና አንድ ከባድ ብረት አስታቀፉኝ። የስፌት መኪና ፔዳል!

«ጋሼ፣ ይሄ የመኪናዎ መርገጫ እኮ ነው!» አልኩ፤ ንዴቴን መደበቅ አልቻልኩም።

«ታዲያ ፔዳል ሌላ ምንድን ነው?»

«እኔ የምፈልገው አባቴ ክራር ሲመታ በእግሩ የሚረግጠውን ነው። ድምፁን ሦስት ጊዜ የሚመልስለትን!»

ሳቃቸው ሱቁን ሞላው። «ኧረ እሷማ ማሚቶ ናት! ማሚቶ አትይም ነበር? ምን ፔዳል ፔዳል ትይኛለሽ!»

ብረቱን እንዳቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። «ማን አሉኝ?»

«ማሚቶ። የገደል ማሚቶ። ስሙን ያወጣላት ገላው ነው።»

የገደል ማሚቶ! በየዓመቱ ስለ ድምፅ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ በትልቁ የምጽፈው ቃል። ስጽፈው ግን ስሟን ስሰማ ያደግኩት ሴትዮ አንድም ቀን ትዝ ብላኝ አታውቅም። የኔ አስተማሪነት ይቅርብኝ።

ጋሼ ከጓዳ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ሲገልጡት የማላውቀው ፊደል የተጻፈበት ሳጥን ነው፤ ውስጡ እንደ ካሴት ክር የሚዞርበት፣ ከጎኑ ደግሞ የእግር መርገጫ ያለው።

«ቡድኑ ሲፈርስ ማንም አልፈለጋት። የገላው ቤት ጣራው ያፈስ ስለነበር እኔ ዘንድ አሳደራት። በየሳምንቱ እየመጣ ይጫወትባት ነበር። አንድ ጊዜ ክሯን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋዋ ቢበጠስ የስፌት መኪናዬን ቺንጋ ቆርጬ ገጠምኩላት። ልኳ አይደለም፤ ድምፅዋ መርገፍገፍ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ገላው ግን እንዲያውም ወደዳት።»

«ጋሼ፣ አባቴ እናቴ ለምን እንደተወችው ያውቅ ነበር?»

ፈገግታቸው ጠፋ። «ምኑን ያውቃል ልጄ? ‹ምን አጥፍቼ ነው?› እንዳለ ሞተ።»

ስመለስ ሳጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ከራሴ ጋር ስሟገት መጣሁ። እናቴ በንዴቷ ነው የኖረችው። በሱ ተደግፋ ነው ብቻዋን ያሳደገችኝ። ብነጥቃት በምን ትቆማለች? ብደብቃትስ፣ አባቴ ባልሠራው ጥፋት እንደተፈረደበት ይቅር? ግንደወይን ስንደርስ አልነግራትም ብዬ ቆርጬ ነበር። እናቴ ‹ያልጠረጠረ ተመነጠረ› ማለት ትወዳለች። እሷ ግን ጠርጥራ ነው የተመነጠረችው፤ ይህን እንዴት አድርጌ ልንገራት?

መናገርም አላስፈለገኝ። ቤት ስገባ ዓይኗ ጋቢው ላይ አረፈ። ጠጋ ብላ ጫፉን በጣቶቿ ዳሰሰች። የገዛ እጅ ፈትል አይጠፋም።

«ቤቷ ሄደሽ ነው?» አለችኝ።

ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«አለች እስካሁን?»

«አለች።»

«አርጅታለች?»

«አርጅታለች፣ እማዬ።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቆንጆ ናት?» አለች።

ይህን ሁሉ ዓመት ልትጠይቅ የፈለገችው ይህንኑ እንደሆነ ገባኝ። ጋቢውን ገለጥኩት። «ማሚቶ ይቺ ናት፣ እማዬ። የገደል ማሚቶ። አባዬ ክራሩን ይጫወትባት የነበረች ዕቃ ናት። ሌላ ማንም አልነበረም።»

አላመነችኝም። ሳጥኑን ሰካሁ፣ ክራሬን አገናኘሁና አንዲት ክር መታሁ። ድምፁ ተመለሰ። ደግሞ ተመለሰ። ሦስተኛው እየተንቀጠቀጠ መጣ። ሁለት ዓመት ያሳደድኩት ድምፅ እጄ ገባ፤ እኔ ግን የማየው እናቴን ብቻ ነበር። አላለቀሰችም፤ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ድገሚው» አለች።

ደገምኩት።

«ድገሚው።»

ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም። በመጨረሻ፣ «አንድ ቃል ብጠይቀው ምን ነበረበት?» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ስነሳ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ጎረቤታችን አምሳለች አይታት እየሮጠች መጣች።

«እግዚኦ! እትዬ ወይንእሸት፣ ማን ሞቶብዎ ነው?»

«ባለቤቴ።»

አምሳለች ግራ ተጋብታ እኔን አየችኝ። «ጋሽ ገላው? እሳቸው እኮ ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው።»

«አዎ» አለች እናቴ። «እኔ የተረዳሁት ትናንት ነው።»